ለዶርም የሚሆን በሶ፦ ባሕር ዳር ላይ የቱን እንግዛ?

ቁርስ ሳይበላ ወደ ክላስ ለሚሮጥ ተማሪ ሎከር ውስጥ መጥፋት የሌለበት ምግብ በሶ ነው። እሳት አይፈልግም፣ ለጾምም ይሆናል፣ ሆድ ይይዛል። 100 ግራሙ ወደ 350 ካሎሪ አለው፤ ከገብሱ ጋር የሚገባው አሰር ደግሞ ርሃብን እስከ ምሳ ያቆያል። ግን በሶ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ እኩል አይደለም።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢም ሆነ ፖሊ ግቢ ላለ ተማሪ ምርጫው ሦስት ነው፦ ገበያ ላይ ተሰፍሮ የሚሸጠው፣ ሱፐርማርኬት የታሸገው፣ ከቤት የሚላከው። ከቤት የሚላከውን የሚያህል የለም። ከሚገዙት ግን የገበያው ይበልጣል፤ ቀምሶ መግዛት ይቻላልና። ገብስ የደጋ እህል ስለሆነ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ባሕር ዳር ጥሩው የሚመጣላት እንደ ጋይንትና ፋርጣ ካለ ደጋ ነው። ሻጯን ከየት እንደመጣና መቼ እንደተፈጨ ጠይቁ። ከዚያ «እማማ፣ ትንሽ ያቅምሱኝ» ብላችሁ ቁንጥር አድርጋችሁ ምላስ ላይ አኑሩ። ጥርስ ላይ ከተንቀጫቀጨ የወፍጮ ድንጋይ ወይም አሸዋ አለበት። ጉሮሮ ከቧጠጠ ገብሱ በደንብ አልተፈተገም፣ ገለባው ቀርቷል። መረር ካለ እስኪያር ታምሷል። ጥሬ ዱቄት ከተቀላቀለበትም ይታወቃል፦ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስታማስሉት በሶው ወፈር ይላል፣ ጥሬው ነጭ ሆኖ ከታች ይዘቅጣል።

የታሸገውን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ስኳር በይዘት ዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ከተጻፈ ተዉት፤ ስኳሩን ራሳችሁ ትጨምራላችሁ፣ ያውም ባትጨምሩ ይሻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን ይሻላል የሚለው 25 ግራም ገደማ ሲሆን፣ አራት ማንኪያ የገባበት አንድ ብጥብጥ ከግማሽ በላዩን ጠዋት ይጨርሰዋል። ሙዝ ቆርጦ አብሮ መብላት ጣፋጩን ይተካል።

ለብጥብጥ ሦስት ሙሉ የሾርባ ማንኪያ በሶ ለአንድ ብርጭቆ ውኃ ይበቃል። በኮዳ ከሆነ ውኃው ይቅደም፤ ዱቄቱ ከቀደመ ከታች ይጣበቅና ይጓጉላል። ለጭብጦ አንድ ብርጭቆ በሶ፣ ቁንጥር ጨው፣ በርበሬና አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ያዙ። ለብ ያለውን ውኃ በሲኒ ይዛችሁ ጠብ ጠብ አድርጉ። በሶ ውኃ የሚጠጣው ቆይቶ ነው፤ መጀመሪያ ደረቅ ሲመስል የሚቸኩል ሰው ገንፎ አድርጎት ያርፋል።

ውኃው ላይ ግን ቀልድ የለም። በሶው አንዴ ታምሷል፣ ከተበጠበጠ በኋላ እሳት አያየውም። ስለዚህ ተማሪን የሚያሳምመው አብዛኛውን ጊዜ ያልፈላው ወይም ያልታከመው ውኃና ያልታጠበው ኮዳ ነው። የኮዳው ክዳን ክር ውስጥ የሚደርቀው ቅሪት ነው በማግሥቱ የሚሸተው፤ በሳሙናና በጣት ካልተፈተገ አይለቅም። ተበጥብጦ ያደረውንም በዚህ ሙቀት አትጠጡ።

በሶ ብቻውን ግን ሙሉ ምግብ አይደለም። ቫይታሚን ሲ የለውም፤ የዘይቱን ፍሬ (ጓቫ)፣ ፓፓያ ወይም ማንጎ ጨምሩበት፣ የገብሱን ብረትም ሰውነት የተሻለ ይወስደዋል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ስለሚይዙ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ጭብጦ በልቶ ውኃ የማይጠጣ ሰው ሆዱ ይደርቃል።

ስታስቀምጡት ፌስታል አይሁን። ከወፍጮ ትኩሱን የታሰረ በሶ ያልበዋል፣ ይጓጉላል፣ ይሻግታል፤ በክረምቱ እርጥበት ደግሞ ይብሳል። ዘርግታችሁ አቀዝቅዙትና ክዳኑ የሚገጥም ደረቅ ዕቃ ውስጥ አድርጉ፤ እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። በወር የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ግዙ። ሻጋታ የታየበትን አንጓሎ መብላት አይሆንም፤ ሁሉንም ጣሉት።