ራሳችሁ ለመጠገን ካሰባችሁ የትኛው ይሻላል? ዲኤክስ፣ ቪትዝ፣ ዲዛየር እና የኤሌክትሪክ መኪና ሲነጻጸሩ

መኪና ልገዛ ነው ብሎ የሚያማክረኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ገንዘቡ አይደለም። «ኮፈኑን ራስህ ትከፍታለህ ወይስ ለመካኒክ ትሰጣለህ?» እለዋለሁ። መልሱ «ራሴ» ከሆነ ምርጫው ይቀየራል። ነዳጅ የሚቆጥብ፣ ምቹና አዲስ መኪና ለመካኒክ ለሚሰጥ ሰው ጥሩ ግዢ ሆኖ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቱታ ለብሶ ለሚወጣ ሰው ግን የሚያበሳጭ ሊሆን ይችላል። ቁልፍ መያዝ የለመድኩት በአባቴ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። አሁን የምነዳው ቪትዝ ነው። የዘመዶቼን ሱዙኪ ዲዛየር ደግሞ ደጋግሜ ከፍቻለሁ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ገዢው ፊት ያለው ምርጫ በሁለት ተከፍሏል፤ ወይ እዚሁ ያለ ያገለገለ የነዳጅ መኪና፣ ወይ የኤሌክትሪክ። ስለዚህ የአርባ ዓመቱን ዲኤክስና የዘንድሮውን የቻይና መኪና ጎን ለጎን ማስቀመጤ አይግረማችሁ። ገበያው ራሱ አንድ ላይ አስቀምጧቸዋል።

ካንዴላና ሚኒሞ

ዲኤክስ ላይ ካንዴላ (ነዳጁን በእሳት የሚለኩሰውን ዕቃ) መቀየር የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። አራት ገመድ ትነቅላላችሁ፣ በአንድ የካንዴላ ቁልፍ ትፈታላችሁ፣ ክፍተቱን ለክታችሁ ትመልሳላችሁ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው ካርቡራተር አቧራና ቆሻሻ ነዳጅ አይችልም፤ ዛሬ ያስተካከላችሁት ሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) በሳምንቱ ይዛባል። ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተርም የራሱ ጣጣ አለው። ዲኤክስ ሁሉንም እንድትሠሩ ይፈቅድላችኋል፣ ግን ሁሉንም በየጊዜው እንድትሠሩ ያስገድዳችኋል። 2ኢ የሚባለው ሞተር ያላቸው ዲኤክሶች ደግሞ ታይሚንጋቸው፣ ማለትም ቫልቮቹ በጊዜያቸው እንዲከፈቱ የሚያደርገው ክፍል፣ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው፤ ቺንጋ ደግሞ በዕድሜ ይበጠሳል። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ባለቤቱ የማያውቅ ከሆነ፣ ገዝታችሁ መጀመሪያ የምትሠሩት ሥራ እሱ ይሁን።

ቪትዝ እና ዲዛየር ታይሚንጋቸው በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ስለሆነ ከዚህ ስጋት ነፃ ናችሁ። በሁለቱም ላይ እያንዳንዱ ካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው የራሱ ኮይል አለው፤ የኮይሉን ብሎን በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈታችሁ ወደ ላይ ትስባላችሁ። በሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በወጣው፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ 1.0 ሞተር ላይ የአየር ፊልትሮው ሳጥን የሞተሩን አናት ሸፍኖ ስለተቀመጠ መጀመሪያ እሱን ማንሳት ግድ ነው። ይህም ከባድ አይደለም።

ከባዱ ፕላስቲኩ ነው። የኮይሉ ሶኬት መያዣ በሞተር ሙቀት ዓመታት ስለሚጋገር፣ አውራ ጣታችሁን ስታሳርፉበት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የእኔ ቪትዝ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ጊዜ አንድ ጋራዥ ወስጄው ኮይል ቀየሩ፣ ከዚያ ካንዴላ፣ ከዚያ «ሴንሰር ነው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ከፍዬ መንቀጥቀጡ አልተወኝም። በመጨረሻ ራሴ ስከፍተው የሁለተኛው ሲሊንደር ሶኬት መያዣው ተሰብሮ፣ መኪናው በነቀነቀ ቁጥር ይላቀቅ ነበር። አዲስ ሶኬት ከመኪና ዕቃ ገበያው ከሶማሌ ተራ ገዝቼ ገመዱን ቀጠልኩ፤ አበቃ። ያን ቀን ያዘንኩት በገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ሁለት ደቂቃ በእጁ ቢዳስሰው ኖሮ የሚያገኘው ነገር ነበር። ዲዛየር በዚህ በኩል የሚሻለው ዕድሜው ስላነሰ ብቻ ነው፤ ፕላስቲኩ ገና አልደረቀም።

ፍሬን

ሦስቱም የነዳጅ መኪኖች ከፊት ዲስክ ከኋላ ታምቡር ናቸው፣ የእጅ ፍሬናቸውም በገመድ የሚሳብ ነው። ክሪክ፣ ከስር የሚደግፍ ጠንካራ ብረትና ትዕግሥት ካላችሁ የኋላውን ሸራና የፊቱን ፓድ ትቀይራላችሁ። በክሪክ ብቻ ተማምኖ መኪና ስር መግባት ሰው ይገድላል፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

የእጅ ፍሬኑ በአዝራር በሚሠራ አዲስ መኪና ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኋላውን ፓድ የያዘው ፒስተን በትንሽ ሞተር ይገፋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ መኪናውን በስክሪኑ ወይም በኮምፒውተር ወደ ጥገና ሁነታ ማስገባት ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቅ በጉልበት የሚገፋ ሰው የትንሿን ሞተር ጥርሶች ይሰብራል። የፓድ ዋጋ ሊከፍል ወጥቶ ፓዱን የሚይዘውን የካሊፐር ዋጋ ከፍሎ ይገባል።

ካምቢዮ

እዚህ ላይ ምርጫዬ ግልጽ ነው፤ ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ማኑዋል ግዙ። የዲኤክስ፣ የመጀመሪያው ቪትዝና የዲዛየር ማኑዋል ካምቢዮ ዘይት መቀየር ከሞተር ዘይት ብዙ አይለይም። ሲቪቲ (ማርሽ ሳይቀይር በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ ካምቢዮ) ያለው ቪትዝ ግን ለሲቪቲ ብቻ የተሠራ ዘይት ይፈልጋል፣ ልኩም የሚታየው ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ ሲሆን ነው። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የጨመረበት ሰው ካምቢዮውን አበላሸ ማለት ነው። አዲሶቹ አውቶማቲክ ዲዛየሮች ደግሞ በውስጣቸው ማኑዋል ካምቢዮ ናቸው፤ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ኮምፒውተር ነው። ፍሪሲዮን ከተቀየረ በኋላ ኮምፒውተሩ የአዲሱን መነሻ እንዲማር ማድረግ ስላለባችሁ፣ ብረቱን ራሳችሁ ብትሠሩም መጨረሻው ላይ ማሽን ያለው ሰው ትፈልጋላችሁ።

ኮምፒውተሩ

ብዙ ሰው «የድሮ መኪና ይሻላል፣ ኮምፒውተር የለውም» ይላል። አልስማማም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ የመኪናው ኮምፒውተር የሚነበብበት ባለ 16 ጫፍ ሶኬት ከመሪው ስር እንዲኖር በሕግ ካስገደዱ ወዲህ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚሠራ ትንሽ ማንበቢያ ለባለቤቱ ትልቅ አቅም ሰጥቶታል። ማንበቢያው ፒ0301 የሚል የብልሽት ኮድ ካሳየ የአንደኛው ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው። ፒ0171 ሲል አየሩ ከነዳጁ በዝቷል፤ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ፈልጉ። ዲኤክስ ላይ ይህን ሁሉ በጆሮና በአፍንጫ ነበር የምንፈልገው፣ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ኮዱ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይነግራችሁም፤ የት መፈለግ እንዳለባችሁ ግን ይነግራችኋል።

ዲዛየር በዚህ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ርካሹ ማንበቢያ ያለ ችግር ያነበዋል። ቪትዝ ላይ ተጠንቀቁ። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ አውሮፓ ላይ ያው መኪና ያሪስ ይባላል። ለጃፓን ገበያ የተሠራው፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የወጣው ትውልድ፣ ሶኬቱ ቢኖረውም ከርካሽ ማንበቢያ ጋር ላይግባባ ይችላል። ሌላም አለ፤ እዚህ ያሉ ብዙ ቪትዞች ከጃፓን በቀኝ መሪ ወጥተው ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወረ ናቸው። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ችግር የለውም። ካልሆነ ግን ከዳሽቦርዱ ስር እየተቆረጠ የተቀጠለና በቴፕ የተጠቀለለ ሽቦ ታገኛላችሁ፣ የትኛውም የፋብሪካ የሽቦ ንድፍ አይገልጸውም። እንዲህ ያለውን መኪና ኤሌክትሪክ መፈለግ ያደክማል፤ ሽቦው በሌላ ቀለም ተቀይሮ፣ መንገዱም ተቀይሮ ነው የሚጠብቃችሁ።

የኤሌክትሪክ መኪና

የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ቺንጋ የለም፣ ማርሚታ የለም። ሞተሩ ራሱ የመኪናውን ፍጥነት ስለሚቀንስ ፍሬኑም ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። ራስን ከሥራ ማሳረፍ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ከአራቱ የሚወዳደረው የለም።

ነገር ግን ሲበላሽ ከእጃችሁ ይወጣል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማሉ። መኪናው ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪኩ ለደቂቃዎች በውስጡ ይቆያል፣ ስለዚህ ልዩ ጓንት፣ መለኪያና ሥልጠና የሌለው ሰው አይንካው። የቀረውን በር የሚዘጋው ሶፍትዌሩ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ሜኑአቸው በቻይንኛ ሊሆን ይችላል፣ ጥልቅ ምርመራውም ከአምራቹ ሲስተም ጋር መገናኘት ሊጠይቅ ይችላል። ብሎኑን መፍታት ችላችሁ፣ አዲሱን ዕቃ ገጥማችሁ፣ መኪናው «አላውቀውም» ሲላችሁ የሚሰማው ንዴት ከዝገት ብሎን ጋር ከመታገል ይከፋል። ለእጃችሁ የቀረው የቤት ውስጥ አየር ፊልትሮ፣ የመጥረጊያ ጎማ፣ እና ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ናት። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ ስትሞት መኪናው አይነሳም፤ መንገድ ላይ ከቆማችሁ በመጀመሪያ የምትለኩት እሷን ይሁን።

የምመርጠው

ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፍ ለሚይዝ ሰው ማኑዋል ዲዛየር። ገንዘቡ ከጠበበ መሪው ያልተዛወረ ያሪስ፣ ከዚያ ሽቦው ያልተነካካ ቪትዝ። ዲኤክስ ጊዜ ላለውና ሥራውን ለሚወድ ሰው ነው፣ በየቀኑ ሥራ ለሚሄድበት ሰው አይሆንም። የኤሌክትሪክ መኪና የምትገዙ ከሆነ ደግሞ መኪናውን ከማየታችሁ በፊት፣ ያንን ሞዴል የሚከፍት ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ በከተማችሁ መኖሩን አረጋግጡ።

ለማየት ስትሄዱ ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲጠብቃችሁ ሻጩን ጠይቁ፤ የእጅ ባትሪና ማንበቢያችሁን ያዙ። ኮድ ከሌለ ወዲያው ደስ አይበላችሁ። ማንበቢያው ላይ የመኪናው የራስ ፍተሻዎች ተጠናቀዋል ወይስ አልተጠናቀቁም የሚል ገጽ አለ፤ ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። ሻጩን በትሕትና ለሁለት ቀን እንዲነዳው ንገሩት፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ሂዱና ደግማችሁ አንብቡ።