የምታወራ ድመት በአፕ ኢንቬንተር፦ ንክኪው ይሠራል፣ ቀጭኗ ድምፅ ግን የለችም

ሲነኳት የምትስቅ፣ ያወሯትን የምትደግም ድመት በስልክ ላይ መሥራት ለሚፈልግ ጀማሪ፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ኤም አይ ቲ አፕ ኢንቬንተር ጥሩ መነሻ ነው። ነፃ ነው፤ ኮድ አይጻፍበትም፣ ብሎክ ይገጣጠማል እንጂ። ሥራው ግን በብራውዘር ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። ፕሮጀክቱን በየጊዜው በኤአይኤ ፋይል (የአፕ ኢንቬንተር የፕሮጀክት ፋይል) አውርዶ ማስቀመጥ አይረሳ።

ለንክኪ ግን ወደር የለውም። ካንቫስ (የሥዕል ሰሌዳው) ላይ ኢሜጅ ስፕራይት (ንክኪ የሚቀበል ሥዕል) አስቀምጠው የድመቷን ፒኤንጂ ሥዕል ይጫኑ። ፋይሉን «ድመት» ብለው በፊደላችን ቢሰይሙት አይቀበልም። ራሷን ሲነኳት «አብሽር!» እንድትል፣ ሆዷን ሲነኳት እንድትስቅ ከፈለጉ የተነካውን ቦታ የዋይ ቁጥር (ከላይ ወደ ታች የሚቆጠረውን) ማወዳደር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቁጥሩ የሚቆጠረው ከካንቫሱ አናት እንጂ ከድመቷ ጆሮ አይደለም። ዋይ 200 ላይ ካስቀመጧት መጀመሪያ 200 ይቀንሱ፤ አለዚያ ራሷንም ጆሮዋንም ቢነኳት ሆዷ ይመስላታል፣ ዝም ብላ ትስቃለች።

ቶሎ ቶሎ ሲነኳት ድምፅ የምትዘለው ተበላሽታ አይደለም። ድምፅ የሚያሰማው የሳውንድ ክፍል ሚኒመም ኢንተርቫል (በሁለት ድምፆች መካከል የሚጠበቀው ትንሹ ጊዜ) ሳይነካ 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ወደ 100 ያውርዱት።

ያወሯትን ለመድገሙ ሳውንድ ሪከርደር (ድምፅ መቅጃው) በስክሪኑ ላይ ያለው ቁልፍ ሲጫን ይጀምራል፣ ሲለቀቅ ያቆማል፣ የቀዳውን ለፕሌየር (ለማጫወቻው) ይሰጣል። ጣት ወዲያው ከተነሳ የሚቀመጥ ድምፅ ስለሌለ ስህተት ያወጣል፤ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይያዝ። ድመቷ ስታወራም ቁልፉ ይዘጋ፣ አለዚያ የራሷኑ ድምፅ ትቀዳለች። ፒያሳ መሃል ቆሞ መሞከርም አይመከርም፤ ከሰው ይልቅ ባጃጅ ነው የምትደግመው።

ልጆች የሚወዷት ያቺ ቀጭን ድምፅ ግን እዚህ አትገኝም። ፕሌየር ድምፅ ማቅጠኛ ስለሌለው የአባወራውን ድምፅ በጎርናናው ይመልሰዋል፤ ድመት በአባወራ ድምፅ! እንደ «አብሽር» ያሉትን ቋሚ ቃላት ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም አቅጥኖ መጫን ይቻላል። የተጫዋቹን ድምፅ እዚያው ለማቅጠን ግን ጎዶት ወደተባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም መሻገር ነው። እሱም ነፃ ነው፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ኮድ ግን ያስጽፋል። በጎዶት ፒች ስኬል (የድምፁን ቅጥነት የሚወስነው ቁጥር) 1.5 ሲደረግ ድምፁ ይቀጥናል፤ 3 ሰከንድ ያወሩትም በ2 ሰከንድ ያልቃል። ፕሮጀክት ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ግቤቱ ካልበራ ማይክሮፎኑ ምንም አይሰማም፤ ሲመጣ ዝግ ነው።