ባለ 8×42 ባይኖኩላር ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ለዋርብለር ይበቃል?

የባይኖኩላርን ገመና የሚያወጡት ትልልቆቹ አሞራዎች ሳይሆኑ ዋርብለር የሚባሉት ትንንሽ ወፎች ናቸው። ዊሎ ዋርብለር የምትባለው ክብደቷ 10 ግራም ገደማ ነው። በጸደይ ከአፍሪካ ወደ ሰሜን ስትመለስ ሌሊቱን በርራ ጠዋት ዛፍ ላይ ታርፋለች፤ ታርፋለች ማለት ግን ትቀመጣለች ማለት አይደለም። ከቅጠል ቅጠል እየዘለለች ነፍሳት ስትለቅም ዓይን ማሳረፊያ ጊዜ አትሰጥም።

10 ጊዜ የሚያጎላውን ትቼ 8 ጊዜ የሚያጎላውን መምረጤን ወራቱ አጽድቀውልኛል። ማጉላት ሲጨምር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፤ በአብዛኛው የሚታየው ስፍራም ይጠባል። ከዓይን የተሰወረችን ወፍ መልሶ ለማግኘት ደግሞ ከማጉላት ይልቅ ስፋት ይጠቅማል። የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር መሆኑ ጎህ ሲቀድ ይታወቃል፤ በባዶ ዓይን ጥላ ብቻ የነበረው ቁጥቋጦ በመሣሪያው ሲታይ ቅጠሉ ይለያል።

ትልቁ ፈተና ዊሎ ዋርብለርን ቺፍቻፍ ከምትባለው ሌላ ዋርብለር መለየት ነው። ዝም ካሉ መንትያ ይመስላሉ። የቺፍቻፍ እግር አብዛኛውን ጊዜ ጠቆር ይላል፣ የክንፏ ጫፍ አጠር ያለ ነው፣ ጭራዋንም ደጋግማ ወደ ታች ትነቀንቃለች። ብርሃኑ ከጀርባዬ ሲሆን ይህ መሣሪያ የእግሯን ቀለም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ወፏ ሰማይን ተደግፋ ከቆመች ግን ዙሪያዋን ሐምራዊ ጠርዝ ይከባታል፤ ያኔ ቀለሙን ማመን አይቻልም፤ ዜማዋን መጠበቅ ይሻላል።

ምስሉን የሚያጠራው መዘውር መጀመሪያ ለስላሳ ነበር፤ አሁን በብርድ ጠዋት ይከብዳል። ከቅርብ ወደ ሩቅ ለመሻገርም ከአንድ ዙር በላይ ማዞርን ይጠይቃል፤ ያን ያህል ትዕግሥት ያላት ዋርብለር አላጋጠመችኝም። አብሮት የመጣው ማንጠልጠያ አንገት ስለሚቆርጥ ክብደቱን ትከሻ ላይ በሚያሳርፍ ተክቼዋለሁ። ዝናብ ግን አልበገረውም፤ ውስጡ በናይትሮጅን የተሞላ በመሆኑ ሌንሱ ከውስጥ በኩል ጉም አልያዘም።

የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው ሳይሞክረው ባይገዛው እመክራለሁ። ዓይን የሚያርፍበት ጎማ ተጣጥፎም ቢሆን ዓይንን ስለሚያርቅ የምስሉ ዳር ይቆረጣል፤ ለዋርብለር ብዬ የመረጥኩት ስፋትም እዚያው ይቀራል። መነጽር ለማያደርግ ሰው፣ መዘውሩን ከታገሠ፣ ለዋጋው የሚመጥን ዕቃ ነው።