ሞላሪቲ ወይስ ሞላሊቲ?

ሁለቱም በሶሉሽን (አንድ ነገር በሌላ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኝበት ድብልቅ) ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደሟሟ ይለካሉ። የሟሟውን ነገር ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ይቆጥራሉ፤ የሚለያዩት ሞሉ በሚካፈልበት ነገር ነው።

ሞላሪቲ፦ ሞል በ1 ሊትር ሶሉሽን። ለምሳሌ 58.5 ግራም (1 ሞል) የገበታ ጨው በትንሽ ውሃ ታሟሟለህ፣ ከዚያ እስከ 1 ሊትር ምልክቱ ድረስ ውሃ ትሞላለህ። ልብ በል፣ 1 ሊትር ውሃ ለክተህ ጨው ብትጨምርበት ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። ድክመቱ፣ ሶሉሽኑ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቁጥሩ ይቀንሳል።

ሞላሊቲ፦ ሞል በ1 ኪሎ ግራም አሟሚ። ሚዛን ይበቃዋል፣ ሙቀት አይነካውም።

ለታይትሬሽን (መጠኑ የታወቀ ሶሉሽን እየጨመሩ ያልታወቀውን መለካት) እና ለስቶይኪዮሜትሪ (በኬሚካዊ ለውጥ የሚገቡና የሚወጡ መጠኖች ስሌት) ሞላሪቲን ያዝ። 25 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) አሲድ ማለት 0.0025 ሞል ነው፣ አለቀ። ጥያቄው ስለ በረዶ መሆኛ ወይም መፍያ ነጥብ ከሆነ ግን ሞላሊቲ ነው የሚያዋጣህ፤ ጨው ኤሌክትሮላይት (ሲሟሟ ወደ አየኖች፣ ማለትም ቻርጅ ወዳላቸው ቅንጣቶች የሚለያይ) ስለሆነ ለሁለት አየን ተከፍሎ ውጤቱን እጥፍ ገደማ እንደሚያደርገውም አትርሳ።