«ፈቃዱ ያለቀለት» ተብሎ በቨርጂኒያ ገጠር የሚቀርብላችሁን መሬት ሳትመረምሩ አትፈርሙ

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በእኛና በእቁብ ጓደኞቻችን ላይ የደረሰው ኪሳራ በሌላ ቤተሰብ ላይ እንዳይደገም ይህን ማስጠንቀቂያ ጽፌላችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ አራት ቤተሰቦች ገንዘባችንን አዋጥተን፣ ከአሌክሳንድሪያ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ በሚገኝ የገጠር ካውንቲ 12 ኤከር መሬት ገዛን። ከሻጩ ጋር ያገናኘን የራሳችን አገር ሰው የሆነ ደላላ ነበር። ሻጩና ደላላው መሬቱ «ፈቃዱ ያለቀለት» እንደሆነ፣ ክሎዚንግ (የሽያጩን የመጨረሻ ርክክብ) ባደረግን ማግስት መሠረት ማውጣት እንደምንችል፣ ለአራታችንም አራት ቤት እንደሚበቃ፣ ወደፊት ለሠርግና ለማኅበር የሚሆን አዳራሽ ብንሠራም የሚከለክለን እንደሌለ ደጋግመው አረጋገጡልን። ለማስረጃም የመንግሥት አርማ ያለበት ባለ አራት ገጽ ወረቀት አሳዩን፤ እኛም ከመሬቱ ዋጋ ሌላ «ፈቃዱን ወደ ስማችሁ ማዛወሪያ» ተብለን 4,500 ዶላር ከፈልን።

ያ ወረቀት የቤት ግንባታ ፈቃድ አልነበረም። የቨርጂኒያ ጤና መምሪያ በ2018 ለቀድሞው ባለቤት የሰጠው፣ ባለ ሦስት መኝታ ለሆነ አንድ ቤት ብቻ የሚያገለግል የሴፕቲክ (የቤት ፍሳሽን በግቢው መሬት ውስጥ የሚያስወግድ ሥርዓት) ሥራ ፈቃድ ነበር። ከተማ ውስጥ የኖርን ሰዎች ስለ ፍሳሽ ማሰብ አልለመድንም፤ ገጠር ውስጥ ግን የከተማ ፍሳሽ መስመር ስለማይደርስ፣ የቤቱ ፍሳሽ በግቢው መሬት ውስጥ ተጣርቶ መስረግ አለበት፤ አፈሩ ይህን እንደሚችል ካልተረጋገጠ ደግሞ ካውንቲው የቤት ግንባታ ፈቃድ አይሰጥም። በቨርጂኒያ እንዲህ ያለው የሴፕቲክ ሥራ ፈቃድ የሚቆየው 18 ወር ነው። የእኛው ወረቀት ከመግዛታችን ከሁለት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ ይህም በመጀመሪያው ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ማናችንም አላነበብነውም። በኋላ ፈቃድ ያለው የአፈር ገምጋሚ ቀጥረን ስናስቆፍር፣ በወረቀቱ ላይ ለፍሳሹ የተመለከተው ቦታ ሻጩ የመኪና መግቢያ መንገድ ለመጥረግ በትራክተር የደለደለው መሬት ሆኖ ተገኘ። የቀረው መሬት በአብዛኛው ውሃ የማያሳልፍ ቀይ የሸክላ አፈር ስለሆነ፣ ገምጋሚው ለአንድ ቤት የሚበቃ ቦታ ያገኘው በብዙ ድካም ነው፤ እዚያ የሚሠራው ሴፕቲክም ቢሆን ዋጋው ከተለመደው እጅግ የሚበልጥና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ፈቃድ ባለው ባለሙያ መታየት ያለበት የተለየ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ከዞኒንግ የመጣ ነው። በቨርጂኒያ የግንባታ ኮዱ ለመላው ግዛት አንድ ቢሆንም፣ በየትኛው መሬት ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚወስነው እያንዳንዱ ካውንቲ በራሱ የዞኒንግ ደንብ ነው። የእኛ መሬት ለእርሻ የተመደበ ሲሆን፣ በዚያ ካውንቲ ደንብ መሠረት በአንድ ይዞታ ላይ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይፈቀዳል፤ መሬቱን ለአራት ለመክፈል ብንፈልግም ከፊሉ ቀደም ሲል ተቆርሶ ስለተሸጠ የመከፈል መብቱ ተሟጥጧል። አዳራሹማ ልዩ የአጠቃቀም ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ማመልከቻው በፕላን ኮሚሽኑ ከታየ በኋላ ካውንቲውን ለሚያስተዳድረው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ይቀርባል፤ ጉዳዩ በጋዜጣ ይታወጃል፤ ጎረቤቶችም ማስታወቂያ ደርሷቸው በስብሰባው ላይ ይናገራሉ። ቦርዱ ሊፈቅድም ሊከለክልም ይችላል፤ ስለዚህ ማንም ሻጭ ይህን ፈቃድ አስቀድሞ «አለቀ» ሊላችሁ አይችልም።

ችግራችንን ለደላላው በነገርነው ጊዜ የሰጠን ምክር ከሁሉ የከፋ ነበር። «ለእርሻ መጋዘን የግንባታ ፈቃድ አያስፈልግም፤ መጋዘን ብላችሁ ሠርታችሁ ግቡበት» አለን። የእርሻ ሕንፃ በቨርጂኒያ ከግንባታ ኮዱ ነፃ መሆኑ እውነት ነው። ሰው ሲኖርበት ግን የእርሻ ሕንፃ መሆኑ ይቀርና ነፃነቱም አብሮ ይቀራል፤ የዞኒንግ ደንቡ ደግሞ መጀመሪያውኑ አይለቀውም። ልጆቻችንን ያልተመረመረ የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት ጣሪያ ሥር እንድናስተኛ የመከረን ሰው የራሳችን ወገን መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ስለ መንገድና ስለ ግብርም ባጭሩ ልንገራችሁ። በቨርጂኒያ ከጥቂቶች በስተቀር የካውንቲ መንገዶችን የሚያስተዳድረው የግዛቱ የትራንስፖርት መምሪያ ስለሆነ፣ ከመንገዱ ወደ መሬታችሁ ለመግባት የሚያስፈልገው ፈቃድ የሚጠየቀው ከእሱ ነው። መሬቱ ደግሞ እንደ እርሻ ዝቅተኛ ግብር ሲከፈልበት የቆየ ከሆነ፣ አጠቃቀሙን ስትለውጡ ያለፉት 5 ዓመታት የግብር ልዩነት ከነወለዱ ይጠየቅበታል። የሚጠየቀው ለውጡ በተደረገበት ጊዜ ባለቤት የሆነው ሰው ስለሆነ፣ ዝቅተኛውን ግብር ሲከፍል የኖረው ሻጭ ሄዶ ዕዳው ለገዢው ይተርፋል።

አሁን መሬት ለመግዛት ላይ ያላችሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የመሬቱን የግብር ካርታ ቁጥር (ካውንቲው መሬቱን የሚለይበትን ቁጥር) ተቀብላችሁ ወደ ካውንቲው የዞኒንግ አስተዳዳሪ ጻፉ። «ቤት መሥራት ይቻላል?» ብላችሁ በስልክ ብትጠይቁ የምታገኙት የቃል መልስ ነው፤ የሚጠቅማችሁ ስንት ቤት እንደሚፈቀድ፣ መሬቱ ለስንት መከፈል እንደሚችልና ያሰባችሁት ሥራ ልዩ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ ዘርዝራችሁ በጽሑፍ የምትቀበሉት ውሳኔ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ አስተዳዳሪው እንዲህ ላለው ጥያቄ በ90 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ መልሱ ቅር ያሰኘው ሰውም ውሳኔው በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ለዞኒንግ ይግባኝ ቦርድ ማመልከት ይችላል። 90 ቀን ረጅም መስሎ እንደሚታያችሁ አውቃለሁ፤ እኛም «ሌላ ገዢ አለ» ተብለን ተጣድፈን ነው የፈረምነው። ስለዚህ በውሉ ውስጥ መሬቱን የምታጣሩበት የጥናት ጊዜ ይግባ፤ የዞኒንጉ መልስ ወይም የአፈሩ ምርመራ ያሰባችሁትን የማይፈቅድ ሆኖ ከተገኘ ቀብዱ በሙሉ እንደሚመለስ ይጻፍ፤ ውሉንም ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው ጠበቃ ይየው። የአፈር ገምጋሚውንም ራሳችሁ ምረጡ፤ ደላላው ያመጣውን አትቀበሉ።

«ፈቃድ ማዛወሪያ» ብለን የከፈልነውን ገንዘብ እስካሁን አላገኘንም፤ ጠበቃችን ጉዳዩን ይዞታል። ዛሬ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት የሰማሁት ነገር ነው፤ ከእኛ መሬት አጠገብ ያለው መሬት አሁን ለሌሎች የአገራችን ሰዎች እየታየ ሲሆን፣ «ፈቃዱ ይኸው» ተብሎ የሚቀርብላቸው ይኸው የእኛ ወረቀት ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጃችሁ ከገባ ሦስት ነገሮችን ተመልከቱ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው የግብር ካርታ ቁጥር ከምትገዙት መሬት ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን፣ የተሰጠበትን ቀን፣ እንዲሁም ስንት መኝታ ላለው ቤት እንደተፈቀደ። ከዚያም ወረቀቱን ይዛችሁ በዚያው ካውንቲ ወደሚገኘው የጤና መምሪያ ቢሮ ሂዱና ዛሬም የጸና መሆኑን ጠይቁ።