የመኪናችሁ በር ራሱን እየቆለፈ ለሚያስቸግራችሁ፦ ይህን ልጅ ሳታማክሩ ዕቃ እንዳትገዙ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። የመኪናችን በሮች ማንም ሳይነካቸው መቆለፍና መከፈት ካቆሙ ወር አልፏል። ከሰኔ ጀምሮ መከራ ያሳየን ነገር በአንድ ቅዳሜ ያለቀው ሳሪስ አቦ አካባቢ በሚሠራ ወጣት የመኪና ኤሌትሪሺያን ነው። እግዚአብሔር ይስጠው። እጁ ይባረክ።

መኪናችን ኮድ 2፣ ትንሽ የጃፓን መኪና ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ሞተሯ ግን አስቸግሮን አያውቅም። ክረምቱ ሲገባ ሴንትራል ሎኳ፣ ማለትም በሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚቆልፈውና የሚከፍተው፣ አበደ። እየነዳሁ በሮቹ ቃ ብለው ይቆለፋሉ፤ ትንሽ ቆይተው ይከፈታሉ። ትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ አራቱም በር ሲከፈት ቦርሳዬን ጭምቅ አድርጌ እይዛለሁ። ሌሊት ግቢ ውስጥ ቃ ቃ ስትል ጎረቤት ሌባ መስሎት ይነሳል። ዝናብ ከጣለ ይብስባታል። ጠዋት ደግሞ ባትሪዋ ወርዶ ይጠብቀኛል።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ያሉት ሰዎች ሳያዩ አወቁ። «የሾፌር በር ሞተሩ ሄዷል፣ ገዝተሽ ነይ» አሉኝ። ሶማሌ ተራ ወርጄ፣ ተከራክሬ፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ገዛሁ። ተገጠመ። ለጥቂት ቀን ጸጥ አለች። ዝናብ ሲመጣ እንደገና ጀመራት። ተመልሼ ስሄድ «እኛ ሥራችንን ጨርሰናል» ብለው ሸኙኝ።

ሌላ ቦታ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ተባልኩ። የጠሩልኝን ዋጋ ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ሌላው ደግሞ አላርሙ ነው ብሎ ገመዱን ቆርጦ ጣለው። አንዱ ባትሪ አስቀየረኝ። አንዱ ፊውዙን ነቅሎ «በቃ በእጅሽ ቆልፊ» አለኝ፤ ለዚያም ብር ተቀበለኝ። ፊውዙ ሲነቀል መስታወቱም አልወርድ ስላለ ተመልሶ ገባ። የበሩ ታፒሴሪያ፣ የውስጥ ልባሱ ማለት ነው፣ በየጋራዡ ሲፈታና ሲገጠም ማስያዣዎቹ ተሰባብረው መንገድ ላይ ሲንኳኳ ይውላል።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ብሩ አይደለም። ስጠይቅ የሚመልስልኝ ሰው አልነበረም። «እሱን ለኛ ተይው» ነው መልሱ። ሴት ስለሆንኩ ይሆን? እሺ ተውኩላችሁ። ታዲያ መኪናዬ ለምን አልተሠራችም?

አባቴን ሕክምና የማመላልሰው በዚህች መኪና ነው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም። አንድ ቀን ሆስፒታል በር ላይ ዊልቸር ላስመጣ ወረድኩ። ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ቁልፉም ውስጥ ነው። በሩን እንደዘጋሁ አራቱም ቃ አሉ። አባዬ ጋቢና ውስጥ ቀረ። በግራ እጁ ተሻግሮ የበሩን መክፈቻ ለመያዝ ሲታገል በመስታወት አያለሁ። አልደረሰበትም። የጥበቃ ሰዎች ተሰበሰቡ። መስታወቱ ይሰበር የሚልም ነበር። አንድ የታክሲ ረዳት ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ቀጭን ሽቦ በመስታወቱ ጎማ በኩል አሾልኮ ከፈተልን። እሱንም እግዚአብሔር ይስጠው። አባዬ በላብ ተጠምቆ «አይዞሽ» ሲለኝ ነው እንባዬ የመጣው።

ከዚያ በኋላ የሥራ ባልደረባዬ ሳሪስ ያለውን ልጅ ጠቆመችኝ። ተስፋ ቆርጬ ስለነበር ደስ ብሎኝ አልሄድኩም። ቅዳሜ ጠዋት ከፊዚዮቴራፒ መልስ አባዬን እንደያዝኩ ሄድኩ። ጋራዡ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በሩ ላይ ጭቃ ነው። ልመለስ ነበር።

ልጁ ወጥቶ መጀመሪያ ያየው መኪናዋን አይደለም፤ አባዬን ነው። «አባቴ፣ ወርደው ይረፉ» ብሎ በሁለት እጁ ደግፎ አወረደው። የራሱን ወንበር ጠርጎ አስቀመጠው። ሻይ አስመጣለት። ብርጭቆው ስለሚያቃጥል በጨርቅ ጠቅልሎ በግራ እጁ አስያዘው። ቀኝ እጁ እንደማይሠራ ማንም አልነገረውም። አይቶ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው? ዝናብ ሲሆን ይብስባታል? በር ስትከፍቺ ነው ወይስ ስትነጂ?» እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ የለም። ስነግረው አላቋረጠኝም። ካቻቢቴ እንኳ አላነሳም። የሾፌሩን በር ይዞ ቀስ እያለ ይከፍታል፣ ይዘጋል። በሌላ እጁ በበሩና በመኪናዋ አካል መካከል ያለችውን ጥቁር የጎማ ቱቦ ይዟል። ሽቦዎቹ የሚያልፉት በእሷ ውስጥ ነው። ሲያጥፋት ቃ! ሲለቃት ዝም። ደግሞ ሲያጥፋት ቃ! «አገኘኋት» አለ።

ጎማዋን ስቦ አሳየኝ። የሽቦዎቹ ልባስ ተሰነጣጥቆ መዳቡ ወጥቷል። አንዷ ልትበጠስ ትንሽ ነው የቀራት። «በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይተጣጠፋሉ፤ ዓመታት ሲቆዩ ይቆረጣሉ። እርስ በርስ ሲነካኩ ወይም ውሃ ሲገባባቸው መኪናዋ አንቺ ቁልፉን የተጫንሽ ይመስላታል» አለኝ። ሌላም ብዙ አስረድቶኛል፤ ሁሉን አልያዝኩትም። ይህቺ ግን ገብታኛለች።

አባዬ አንገቱን አስግጎ ይከታተላል። ስንት ዓመት የአሰብን መንገድ በኤንትሬ የጭነት መኪና የተመላለሰ ሰው ነው። ያኔ በረሃ ላይ መኪና ሲቆም መካኒኩም ሾፌሩ ራሱ ነበር። ከታመመ ወዲህ ግን ስለ መኪና ማውራት ትቶ ነበር። ልጁ ዞር ብሎ «አባቴ፣ በናስትሮ ብቻ ልጠቅልለው ወይስ በስታኞ ልበይደው?» አለው። ናስትሮ የሽቦ ፕላስተር ነው፤ ስታኞ ደግሞ ቀልጦ ሽቦን የሚያያይዝ ብረት ነው። መልሱን እያወቀ እንደሚጠይቀው ገብቶኛል። አባዬ ቃሉ አልወጣ ብሎት ትንሽ ታገለና «ስታኞ!» አለ። «እንዳሉ» አለና ልጁ ሥራውን ጀመረ። አባዬ ያን ቀን ማታ ቤት ገብቶም ስለዚሁ ነበር የሚያወራው። ለዚህ ብቻ እንኳ ዕድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ።

የተበሉትን ሽቦዎች ቆርጦ አዲስ ቀጠለባቸው። ከታፒሴሪያው ጀርባ ያለውን፣ ሌሎቹ ቀዳደው የተዉትን ላስቲክ ሳይቀር በአዲስ ተካው፤ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳያሳልፍ ነው አለኝ። የተሰበሩትንም ማስያዣዎች ከሳጥኑ ፈልጎ ገጠመ። ቀድሞ የተነቀለውን የበር ሞተር ከኋላ አግኝቶት ከባትሪ ጋር ሲያገናኘው ጠቅ አለ። ጤነኛ ነበር! ጤነኛ ዕቃ አስነቅለው ነው ሌላ ያስገዙኝ። «አስቀምጪው፣ አንድ ቀን ያስፈልግሻል» ብሎ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ሒሳብ ስንት ነው ስለው የነገረኝን ብር ደግሜ አስነገርኩት። ኮምፒውተሩ ነው ካሉኝ ሰዎች ዋጋ ጋር በጭራሽ አይገናኝም። ልጨምርለት ብል እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ የነሐሴ ዝናብ ሲወርድባት ከረመ። አንዴ እንኳ ቃ አላለችም። ባትሪውም ወርዶ አያውቅም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የመኪናችሁ በር እንዲህ ካደረገ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ያቺን የጎማ ቱቦ አሳዩ። በተለይ የሾፌሩን በር ስትከፍቱና ስትዘጉ ወይም ዝናብ ሲሆን የሚብስ ከሆነ። ሕፃን ወይም ታማሚ የምታመላልሱ ደግሞ እስክታሠሩት ድረስ ትርፍ ቁልፍ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ስትወርዱም አንዱን መስታወት ዝቅ አድርጋችሁ ውረዱ። ነገ ዛሬ አትበሉ።

ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አላወጣም። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም እልካለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ሥራ ሊበዛለት ይገባል። ሂዱ፣ አሠሩ፣ ለሌላም ንገሩ። አባዬ ሰላም ብሎሃል በሉልኝ። ቅዳሜ ወረፋ ስለሚበዛበት በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።