የመኪናችሁ ሳብ (የቤዝ ስፒከር) መንገድ ላይ ለሚጠፋባችሁ፦ ለሶማሌ ተራው ኤሌክትሪሽያን ምስጋና

መኪናው ቆሞ ሲሞከር ቤዙ ልብ ያርሳል፣ መንገድ ሲጀመር እልም ይላል። አምፕሊፋየሩ (ለሳቡ ድምፁን የሚያጎላው ሣጥን፣ ባጭሩ አምፑ) ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ይህን ይዞ ሱቅ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው "አምፑ አልቆለታል፣ ቀይረው" ነው። ካልሆነም "ካፓሲተር ጨምርበት"፣ ማለትም ኃይል አጠራቅሞ ለአምፑ የሚሰጥ ዕቃ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚሠራው ወጣት ኤሌክትሪሽያን ሁለቱንም አላለም፤ እጁ ይባረክ። ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። አሠራሩን ግን ልጻፈው፣ ሌላ ከተማ ላላችሁም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ያወጣው መፍቻ ሳይሆን ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ነው። ባትሪው ላይ ሞተር ጠፍቶ 12.6፣ ሞተር ተነስቶ 14.1 ቮልት። ዲናሞውም ባትሪውም ደህና ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ቤዙን ከፍቶ አምፑ የኃይል መግቢያ ላይ ለካ፤ ቤዝ በመታ ቁጥር ወደ 10 ቮልት ይወርዳል። ብዙ አምፖች እዚያ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለመጠበቅ ይጠፋሉ፤ ቀዩ መብራት የመቃጠል ምልክት ነው ብሎ መደምደም ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ቮልቱ የት ቀረ? ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ሙዚቃው እየመታ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፑ ፖዘቲቭ ላይ አደረገ፦ 0.4 ቮልት። ይህ ያስኬዳል፣ ከ0.5 ካለፈ ግን ገመዱና ፊውዙ ይፈተሻሉ። ቀጥሎ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ አምፑ ኔጌቲቭ፦ 3 ቮልት ገደማ። ሌባው ተያዘ። በመኪናው ቦዲ በኩል ወደ ባትሪው የሚመለሰው የአምፑ ኔጌቲቭ የታሰረው በኋላው ወንበር ቀበቶ ብሎን ነበር፣ ያውም ቀለሙ ሳይፋቅ። ብሎኑ በእጅ ሲነካ ይፋጃል፤ 3 ቮልት በ40 አምፔር ሲባዛ 120 ዋት ነው፣ ያ ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ሙቀት ይሆናል። ቆሞ ሲሞከር ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ይችለዋል። መንገድ ላይ ሙቀቱ ይጠራቀማል፣ ኮረኮንቹም ይነቀንቀዋል። የቀበቶ ብሎን ደግሞ የሰው ነፍስ የሚይዝ ነው፣ ከመጀመሪያውም መነካት አልነበረበትም።

ለአምፑ ቅርብ የሆነ ወፍራም የቦዲ ብረት መርጦ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፋቀ፣ ካፖኮርዳውን (የገመዱን ጫፍ የሚይዘውን ቀለበት) በደንብ ጨምቆ በ8 ሚሊ ሜትር ብሎንና በጥርሳም ሮንዴላ አሰረው፣ ዝገት እንዳይገባ ከላይ ቀለም ቀባ። ኔጌቲቩ ከፖዘቲቩ ቀጥኖ ስለነበር እሱንም ቀየረ። ድጋሚ ሲለካ 0.1 ቮልት።

ገመዱን ከመግዛቱ በፊት ጫፉን በቢላ ፋቅ አደረገው። ውስጡ ነጭ ከሆነ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፣ የሚያስተላልፈው የንጹህ መዳብ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። "ባለ 4" የሚባለው የገመድ ውፍረት እውነተኛው 21 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሆናል፤ ገበያ ላይ ያለው ብዙው ፕላስቲኩ ነው የወፈረው።

ኔጌቲቩ ደህና ሆኖ ቢገኝስ? እሱ እንደሚለው ቀዩ መብራት በርቶ እያለ ወደ ሳቡ የሚሄዱት ገመዶች ይነቀላሉ። አምፑ ጠፍቶ ሲነሳ ቀዩ ከሌለ ችግሩ ሳቡ ወይም ገመዱ ነው። ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፑ ላይ ጫናው ይበዛል፦ እያንዳንዳቸው 4 ኦም የሆኑ ሁለት ኮይሎች ያሉት ሳብ በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ሲታሰር 2 ኦም ይሆናል፣ እንዲህ ያሉ ሁለት ሳቦች በፓራለል ሲገናኙ ደግሞ 1 ኦም። ለ2 ኦም የተሠራ አምፕ ይህን አይችልም፣ ድምፅ ሲጨመር ይጠፋል። ገመዶቹ ተነቅለውም ቀዩ ካልጠፋ፣ ኃይሉም ደህና ከሆነ፣ ያኔ አምፑ ይከፈት።

ቀዩ ሳይበራ ዝም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ሪሞቱን፣ ማለትም አምፑ እንዲነሳ ከቴፑ ምልክት የሚያመጣለትን ቀጭን ገመድ እዩ። ከቴፑ የሚወጣው ሰማያዊ ባለ ነጭ መስመር ነው የአምፑ። ድፍን ሰማያዊው የአንቴና ነው፤ በብዙ ቴፖች ላይ ሬዲዮ ሲከፈት ብቻ ነው ኃይል የሚሰጠው፣ ወደ ፍላሽ ሲዞር አምፑም አብሮ ይጠፋል።

ፊውዙንም ከባትሪው 45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ አዛወረው፤ ፊት ወንበር ሥር ነበር። ይህ ከመጥፋቱ ጋር አይገናኝም፣ ገመዱ ኮፈን ውስጥ ቢላጥ ግን እሳት ነው።

ካፓሲተር አልሸጠልኝም፣ የተከፈለው ለገመዱና ለጉልበቱ ብቻ ነው። ቅዳሜ ወረፋው ረጅም ነው፣ ችኩል ሰው ይበሳጫል። ስትሄዱ አምፑን ነቅላችሁ በፌስታል አትውሰዱለት፣ መኪናው ላይ እንደታሰረ ካልለካው አይነካውም።